ቶስታዳው እንዳይርስ፦ በሥራ ቀን ምሽት የሚሠራ ክው ያለ የስጋ ቶስታዳ

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። የምኖረው ቨርጂንያ ነው። ልጆቼ ትምህርት ቤት የቀመሱትን ቶስታዳ፣ ያንን ክው ባለ የበቆሎ ቂጣ ላይ ስጋ የሚደረግበትን የሜክሲኮ ምግብ፣ «ቤት ሥሪልን» ብለው ወጥረው ይዘውኛል። ባለፈው ትኩስ የበቆሎ ቶርቲያ (ስሱን የሜክሲኮ ቂጣ) ገዝቼ በዘይት ጠበስኩት። የተፈጨ ስጋ በቲማቲም አብስዬ ጨመርኩበት። ባለቤቴ እስኪመጣ ብዬ በፎይል ሸፈንኩት። ስንቀርብ ዳሩ ጥርስ ይሰብራል፣ መሃሉ ርሷል፣ ዘይቱም በእጅ ላይ ይወርዳል። ኦቨን ይሻላል ወይስ ዘይት? ከሥራ ከገባሁ በኋላ ከ45 ደቂቃ በላይ ጊዜ እንደሌለኝም እወቅልኝ።

ምላሽ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። የጻፍሽው አጭር ነው፤ ግን ነገሩ የት የት እንደተበላሸ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ችግሩ ሙያሽ ላይ አይደለም፤ ውሃው ላይ ነው። ትኩሱ ቶርቲያ ውስጥ ውሃ ነበረ። ስጋው ውስጥ የራሱና የቲማቲሙ ውሃ ነበረ። በመጨረሻ ፎይሉ እንፋሎቱን መውጫ አሳጥቶ መልሶ ቶስታዳው ላይ አንጠባጠበው። እኔ ሥራዬ የሜክሲኮ ምግብ ማብሰል ነው። ወጥ ቤት ውስጥ አዲስ ለሚገቡ ልጆች መጀመሪያ የምነግራቸውም ይህንኑ ነው፦ ቶስታዳ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ ውሃውን አስቀድሞ ጨርሶ ይምጣ። ይህን ከያዝሽ ዘይቱም ኦቨኑም ይታዘዝልሻል።

ከቶርቲያው እንጀምር፣ ዋናው እሱ ነውና።

ሜክሲኮ ውስጥ ያደረ ቶርቲያ አይጣልም። ተቆራርጦ ተጠብሶ በሳልሳ (በቲማቲምና በቃሪያ ማባያ) ሲለወስ ቺላኪሌስ ይሆናል። ሙሉውን ሲጠበስ ወይም ሲጋገር ደግሞ ቶስታዳ ይሆናል። ስለዚህ ቶስታዳ ከመነሻው የትናንት ቶርቲያ ምግብ ነው። አንቺ ግን ትኩሱን ገዝተሽ በቀጥታ ዘይት ውስጥ ከተትሽው። የትኩስ በቆሎ ቶርቲያ ክብደት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ነው። ያ ሁሉ ውሃ መጥበሻው ላይ ይውጣ ከተባለ ቶርቲያው ዘይት ውስጥ ብዙ መቆየት አለበት። ዳሩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ቀድሞም ይቀላል። መሃሉ ገና እንፋሎት እያወጣ ነው። አንቺ የዳሩን መቅላት አይተሽ በሰለ ብለሽ አወጣሽው። ዳሩ ድንጋይ፣ መሃሉ እርጥብ የሆነው በዚህ ነው።

ድርቆሽ እንዴት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ከምጣድ የወጣ እንጀራ ወዲያው ድርቆሽ አይሆንም፤ ተዘርግቶ አየር ሊመታው ይገባል። ቶርቲያውንም እንደዚያው አድርጊው። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጪ ቶርቲያዎቹን ከፓኬቱ አውጥተሽ ሳይደራረቡ ትሪ ወይም ጠረጴዛ ላይ ዘርጊያቸው። ንጹህ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጊባቸውና ሂጂ። ማታ ስትመለሺ ጠንከር ብለው፣ ጫፋቸው ትንሽ ተኮማትሮ ታገኛቸዋለሽ። ጠዋት ከረሳሽው ግድ የለም። ኦቨንሽን 150 ዲግሪ ሴልሺየስ (300 ፋራናይት) ላይ አድርገሽ ቶርቲያዎቹን ሽቦው ላይ በቀጥታ ለ5 ወይም ለ6 ደቂቃ አስቀምጫቸው። ሳይቀሉ ይደርቃሉ። የጠዋቱ ዘዴ ግን ጊዜም ጉልበትም አይጠይቅሽም።

ስትገዢ ፓኬቱን አንብቢ። ጥሩ የበቆሎ ቶርቲያ ላይ የምታይው በቆሎ፣ ውሃና ኖራ ነው፤ አንዳንዱ ላይ እንዳይበላሽ የሚጨመሩ ጥቂት ነገሮች ይኖራሉ። ኖራው እንዳያስደነግጥሽ። በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ያድርና ይታጠባል፣ ከዚያ ይፈጫል። በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት እንዲህ ሲሠራ ኖሯል። ሊጡ ተያይዞ በስሱ የሚዘረጋውም፣ ያ የታወቀው የቶርቲያ ሽታ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ተራ የበቆሎ ዱቄት በውሃ አቡክተሽ ቶርቲያ ልሥራ ብትይ ይፈረካከስብሻል። ራስሽ መጋገር ካማረሽ በኖራ ውሃ ያለፈውን ዱቄት፣ ለምሳሌ ማሴካን፣ ግዢ። ለሥራ ቀን ምሽት ግን የተጋገረው ይበቃል። ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውንና ሳሳ ያለውን ምረጪ። ወፍራሙ ታጥፎ ለሚበላው ለታኮ ይሁን። የስንዴ ቶርቲያ ደግሞ ለዚህ አይሆንም፤ ይነፋል፣ ይበጣጠሳል፣ ስጋው ሲያርፍበትም ቶሎ ይልማል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ኦቨን ወይስ ዘይት?

በጣዕም ዘይት ያሸንፋል። ይህን አልደብቅሽም። በዘይት የተጠበሰ ቶስታዳ ቀለል ይላል፣ ሲነከስም ቶሎ ይሰበራል። ግን አንድ በአንድ ነው የሚጠበሰው። 12 ቶስታዳ ስትጠብሺ ሙሉ ትኩረትሽን ይወስዳል፤ ስጋው ደግሞ ጎን ለጎን አንቺኑ ይፈልጋል። ልጆችም እግርሽ ሥር አሉ። ስለዚህ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ በሥራ ቀን በኦቨን፣ ቅዳሜ በዘይት።

በኦቨን ስትሠሪ ኦቨኑን 200 ዲግሪ ሴልሺየስ (400 ፋራናይት) ላይ በደንብ አሙቂው። የደረቁትን ቶርቲያዎች ሁለቱንም ፊት ዘይት ቀቢያቸው። ለ12 ቶርቲያ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። መቀባቱን አትዝለይው። ዘይቱ ሙቀቱን ወደ ቶርቲያው ያደርሰዋል፤ ያለ ዘይት የሚደርቀው ቶርቲያ አፍ ውስጥ ካርቶን ካርቶን ይላል። ጨው ነስንሽባቸው። ሳይደራረቡ በሁለት ትሪ ደርድሪያቸው፤ ትሪው ላይ የሚገባ የሽቦ መደርደሪያ ካለሽ ከታችም አየር ስለሚያገኙ የበለጠ ነው። 6 ደቂቃ፣ ከዚያ ገልብጪያቸው። ሌላ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ። ትሪዎቹንም በዚያው የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ አድርጊ። የኦቨን ነገር ከቤት ቤት ይለያያልና ከሰዓቱ ይልቅ ዓይንሽን እመኚ፤ ወርቃማ ሆነው እዚህም እዚያም ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጡ ደርሰዋል።

ከዚያ ኦቨኑን አጥፊው። በሩን አራት ጣት ያህል ከፍተሽ ቶስታዳዎቹን እዚያው ተያቸው። ብዙ ሰው ቶሎ አውጥቶ ሳህን ላይ ይደረድራቸዋል፤ መሃሉ ሙሉ በሙሉ ያልደረቀውም ያኔ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። እየቀዘቀዘ ባለ ክፍት ኦቨን ውስጥ ግን የቀረችው እርጥበት ቀስ ብላ ትወጣለች። ስጋውን እስክትጨርሺ ምንም አይሆኑም። አንዱን አውጥተሽ ትንሽ ከቀዘቀዘ በኋላ መሃሉን በጣት ጥፍር መታ መታ አድርጊው። ደረቅ ድምፅ ከሰጠ ጨርሷል። ከታፈነ ወይም ጣትሽ ሥር ከታጠፈ ገና ነው፤ ለ3 ደቂቃ መልሰሽ አሙቂው።

ኤር ፍራየር ካለሽም ይሠራል፤ ግን ሁለት ሁለት ነው የሚይዘው፣ ነፋሱም ቶርቲያውን ያበረዋል። ከላዩ ትንሽ የሽቦ መደርደሪያ አድርጊበት።

ቅዳሜ በዘይት ስትሠሪ ደግሞ ሰፋ ያለ ከባድ መጥበሻ ውሰጂ። አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆን የአትክልት ዘይት ጨምሪና 180 ዲግሪ ሴልሺየስ (350 ፋራናይት) አካባቢ አድርሺው። ቴርሞሜትር ከሌለሽ የቶርቲያውን ጫፍ ንከሪው፤ ወዲያው በኃይል ከተንጨረጨረ ዘይቱ ደርሷል። ዝም ካለ ጠብቂ። ከጨሰ ደግሞ አልፎታል፤ እሳቱን ቀንሺ። ቶርቲያውን በሹካ ሁለት ሦስት ቦታ ወጋ ወጋ አድርጊው፣ እንዳይነፋ። አንድ ብቻ ክተቺ። መሃሉን በማገላበጫው ጀርባ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ያዢው። ይህች ትንሽ ነገር ለአንቺ ችግር መድኃኒት ናት፤ ቶርቲያው እንደ ሳህን ሲቆለመም መሃሉ ከዘይቱ ወጥቶ ሳይጠበስ ይቀራል።

ከዚያ አረፋውን ተመልከቺ። አረፋው ከቶርቲያው የሚወጣው ውሃ ነው። መጀመሪያ ላይ ፊቱን ሁሉ ይሸፍናል፤ ትላልቅና ጩኸታም ነው። ከ45 ሰከንድ በኋላ ገልብጪው። እየቆየ አረፋው እየሳሳ፣ እየተራራቀ፣ ድምፁም እየቀነሰ ይሄዳል። ጥቂት ጥቃቅን አረፋ ብቻ ሲቀር አውጪው። ቀለሙ ብቻውን ያታልላል። አረፋው ግን መሃሉ ምን ያህል ውሃ እንደቀረው ይነግርሻል።

ዘይቱ በእጅ ላይ የሚወርደው ደግሞ ለምን መሰለሽ? ቶርቲያው እየተጠበሰ ሳለ እንፋሎቱ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ዘይቱ ብዙም አይገባበትም። ዘይት የሚጠጣው ከወጣ በኋላ ነው። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እንፋሎት ይሟሽሻል፣ በቦታውም ላዩ ላይ ያለውን ዘይት ይስባል። ስለዚህ ከመጥበሻው እንዳነሳሽው እዚያው ላይ አራግፊው፣ ከዚያ ሽቦ ላይ በጎኑ አቁሚው። ጨውም ያኔውኑ። ሶፍት ላይ አስተኝቶ መደራረብ ሁለት ጉዳት አለው፦ ዘይቱ መውረጃ ያጣል፣ የታችኛው እንፋሎትም የላይኛውን ያረጥበዋል። ዘይት ላይ ሳለሽ ልጆቹ ከምድጃው ይራቁ። ዘይቱ እሳት ቢይዝ ውሃ እንዳታፈሺበት፤ ምድጃውን አጥፊና ክዳን ግጠሚበት።

ወደ ስጋው እንሂድ።

ልጆችሽ ትምህርት ቤት የቀመሱት፣ እንደምገምተው፣ የተፈጨ ስጋ በከሙን፣ ቢጫ ቼዳር ቺዝና የተከተፈ ሰላጣ ያለበት ነው። እሱ የቴክሳሱ ወገን ነው። አልነቅፈውም፤ ልጆች ይወዱታል። ሜክሲኮ ውስጥ ግን ቶስታዳ ከክልል ክልል ይለያያል። ጓዳላሃራ አካባቢ ላዩ ተፍቆ የሳሳ ጠንካራ ቶስታዳ አላቸው። ሜክሲኮ ሲቲ ኮዮአካን ገበያ ገብተሽ ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ጎድጓዳ ሳህኖች ብታይ፣ በቲማቲምና በቺፖትሌ (በጢስ በደረቀ ቃሪያ) የተሠራ ዶሮ፣ የባህር ምግብ፣ የከብት እግር ሁሉ ታገኛለሽ። ከበሬ ስጋ እኔ የምወደው ሳልፒኮን ነው። ፍርምባ ተቀቅሎ፣ በቃጫው ተበጣጥሶ፣ በሎሚ፣ በኮምጣጤ፣ በቀይ ሽንኩርትና በድንብላል ቅጠል ይለወሳል። ቀዝቃዛውን ነው የሚበላው። ቀዝቃዛ ስጋ እንፋሎት አያወጣም፤ እስኪንጠባጠብ ካልለወስሽው ቶስታዳውን አይጎዳውም። እሑድ ቀቅለሽ ፍሪጅ ብታስቀምጪ ማክሰኞ ማታ የስጋ ሥራ የለብሽም።

ለዛሬ ግን በተፈጨው እንሥራ። የሜክሲኮ እናቶች በሥራ ቀን የሚሠሩት ፒካዲዮ ለዚህ የተመቸ ነው፤ የተፈጨ ስጋ ከድንችና ከቲማቲም ጋር ነው። እኔ ቲማቲሙን ቀንሼ፣ ድንቹን አሳንሼ ለቶስታዳ እንዲመች አድርጌ እሠራዋለሁ። ድንቹ የስጋውን ጭማቂ ይጠጣል። ስጋውንም ያበረክታል።

ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ስጋ በቂ ነው፤ እዚያ የሚሸጠው የአንድ ፓውንድ ፓኬትም ይሆናል። 85 በመቶው ቀይ ስጋ የሆነውን ምረጪ። በጣም ቀዩ ይደርቃል፣ ስቡ የበዛው ደግሞ ዘይቱን እየቀዳሽ መድፋት ነው። ከሐበሻ ስጋ ቤት የምትገዢ ከሆነ ከትከሻው አስፈጪው፤ ሻካራ ይሁን። ከሱፐርማርኬት የመጣ የተፈጨ ስጋ ግን ጥሬውን ለመቅመስ እጅሽ እንዳይሄድ። ከብዙ ከብት የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል፣ ሲፈጭም ላዩ ያለው ጀርም ውስጡ ይገባል። 71 ዲግሪ ሴልሺየስ (160 ፋራናይት) ድረስ መብሰል አለበት።

ያለሽን ሰፊ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት አሙቂ። ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጊና ስጋውን ዘርጊው። አሁን እጅሽን ሰብስቢ። ለ4 ደቂቃ አታማስዪው። እኛ ቤት እንዳይያዝ ብለን ቶሎ ቶሎ ማማሰል ለምዶብናል። እዚህ ግን ሥሩ መያዝና መጥቆር አለበት። ውሃ ባለበት ስጋው ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ቡናማው ቀለምና ያ የጥብስ ሽታ የሚመጡት ውሃው አልቆ ሙቀቱ ከዚያ በጣም ሲያልፍ ነው።

ከ4 ደቂቃ በኋላ ገልብጠሽ በማማሰያው ፍረካክሺው። ብዙ ውሃ ያወጣል። አይደንግጥሽ፣ አትክደኚውም። ጆሮሽን ስጪው። መጀመሪያ ይንተከተካል፤ ድምፁ ወፍራምና እርጥብ ነው። እየቆየ ይሳሳና መንጨርጨር ይጀምራል። መጥበሻውን ዘንበል ስታደርጊው የሚፈሰው ጥርት ያለ ስብ ብቻ ከሆነ ውሃው አልቋል። ስቡ ከ2 የሾርባ ማንኪያ በላይ ከሆነ ትርፉን ቅጂ።

ያኔ አንድ መካከለኛ ድንች በጣም በደቃቁ፣ የአተር ፍሬ ያህል አድርገሽ ክተፊና ጨምሪ። ከ6 እስከ 7 ደቂቃ። ከዚያ አንድ የተከተፈ ሽንኩርትና 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ቅመሙ ይግባ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ የአንቾ በርበሬ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ከሙን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሜክሲኮ ኦሬጋኖ በመዳፍሽ አሽተሽ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ስቡ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ብቻ ይቁላ፤ ቅመሙ ካረረ ይመራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምረሽ ቀለሙ እስኪጠቁር አማስዪ። ትኩስ ቲማቲም አትጨምሪ። ውሃውን ለማስወገድ ይህን ሁሉ ደክመሽ ሌላ ውሃ መልሰሽ ማፍሰስ ነው የሚሆነው። የጢስ ጣዕም ከወደዳችሁ በቆርቆሮ ከሚሸጠው የቺፖትሌ ቃሪያ አንድ አውጥተሽ ክተፊ፤ ለልጆቹ ግማሹ ይበቃል። ከመጥበሻው ስታወርጂው የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምቂበት።

በርበሬያችንን ብጠቀምስ እንደምትይ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አልመክርሽም። ኮረሪማውና በሶብላው ጣዕሙን ወደ ሌላ ምግብ ይወስዱታል፣ በርበሬው ደግሞ ብዙ ቁሌት ይፈልጋል። አንቾ ፖብላኖ የሚባለው ቃሪያ ሲደርቅ ነው፤ እምብዛም አያቃጥልም፣ ዘቢብ ዘቢብ ይላል። ካጣሽ ጣፋጭ ፓፕሪካ የተሻለ ምትክ ነው። ከሙን ስትገዢም ከነጭ አዝሙድ ጋር እንዳይምታታብሽ። የሜክሲኮ ኦሬጋኖም ከፒዛው ኦሬጋኖ የተለየ ተክል ነው፤ ሎሚ ሎሚ የሚል ሽታ አለው። በላቲኖ መደብር በትንሽ ከረጢት በርካሽ ይሸጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ልንገርሽ። ቦሎቄው።

አንቺ ስጋውን በቀጥታ ቶስታዳው ላይ አደረግሽው። መሃላቸው ምንም የለም። ሜክሲኮ ውስጥ የስጋ ቶስታዳ ሥር አብዛኛውን ጊዜ የተላቆጠና በስብ የተጠበሰ ቦሎቄ ይቀባል። ጣዕሙ እንዳለ ሆኖ ሥራውም አለ፤ ወፍራምና ቅባት ያለው ስለሆነ የስጋው ጭማቂ ወደ ቶስታዳው እንዳይወርድ ይከላከላል። ስጋውንም ይይዘዋል፤ ልጁ ሲነክሰው ግማሹ ጭኑ ላይ አይፈስም።

አንድ ቆርቆሮ የፒንቶ ቦሎቄ ክፈቺ። ውሃውን አጥልዪና ጥቂት ማንኪያ አስቀሪለት። ትንሽ መጥበሻ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሩብ ሽንኩርት። ሽንኩርቱ ሲቀላ ቦሎቄውን ጨምሪና በድንች መፍጫ ወይም በሹካ አላቁጪው። ማማሰያውን መሃሉ ላይ ስትስቢበት የመጥበሻው ሥር ለሁለት ሦስት ሰከንድ ሳይዘጋ ከታየ በቂ ነው። ከዚያ የቀጠነ ከሆነ ውሃው ቶስታዳው ውስጥ ይገባል። ተዘጋጅቶ በቆርቆሮ የሚሸጥም አለ፤ ጊዜ ይቆጥባል። ግን ጀርባውን አንብቢ። በባህላዊው መንገድ የሚሠራው በማንቴካ ነው፤ ማንቴካ ማለት የአሳማ ስብ ነው። «ቬጀቴሪያን» የሚል ከሌለበት ብዙ ጊዜ አለበት። ምግብ ቤት ስትበሉም ጠይቂ፤ ቦሎቄ ስለሆነ ብቻ የጾም አይሆንም። ቤትሽ በዘይት ከሠራሽው ግን ረቡዕና ዓርብ ስጋውንና ቺዙን አስቀርተሽ ቦሎቄ፣ አቮካዶና ሳልሳ ብቻ ያለበት ቶስታዳ ይወጣሻል። ሜክሲኮዎችም የቦሎቄ ቶስታዳ ብቻውን ይበላሉ፤ የጎደለው ነገር የለም።

ከላይ የሚሆነው ቀላል ነው። ጥቅል ጎመን ወይም ሰላጣ በስሱ ክተፊ፤ ካጠብሽው በኋላ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለሽ አድርቂው። ጎመኑ ይሻላል፣ ቶሎ አይጠወልግም። ቺዙ የሚፈረፈረው ዓይነት ይሁን፤ ኮቲሃ ወይም ኬሶ ፍሬስኮ። ከሌለሽ ፌታ ይተካዋል። ውሃው በደንብ የተጠለለ አይብም ጨው ጨምረሽበት ጥሩ ይሄዳል። ሳወር ክሬም በሎሚና በጨው ትንሽ አቅጥኚው። አቮካዶ በስሱ።

ለሳልሳው 3 ቲማቲም፣ አንድ ሃላፔኖ ቃሪያ፣ ሩብ ሽንኩርትና አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ ትሪ ላይ አድርጊ። ቶስታዳዎቹን ከመጋገርሽ በፊት ኦቨኑ በላይኛው እሳት ቆዳቸው እስኪጠቁር ያብስላቸው፤ ወደ 8 ደቂቃ። የነጭ ሽንኩርቱን ልጣጭ አውጥተሽ ሁሉንም በጨው ብሌንደር ውስጥ ለአፍታ ብቻ አዙሪው። ሻካራ ይሁን። ትሪው ላይ የቀረውን የቲማቲም ውሃ አትጨምሪው። ጊዜ ካጠረሽ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ድንብላል ቅጠል ከትፈሽ ጨው ነስንሺበትና ወንፊት ላይ 10 ደቂቃ ተይው። ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውሃ ስታይ ባለፈው ቶስታዳሽ ላይ የፈሰሰውን ትገምቺዋለሽ።

45 ደቂቃውን እንዲህ ተጠቀሚበት። ገብተሽ እጅሽን ሳትታጠቢ ኦቨኑን አብሪ። የሳልሳው አትክልት ይግባ። እሱ እየጠቆረ ሽንኩርቱንና ድንቹን ክተፊ። ሳልሳው ሲወጣ ሙቀቱን 200 ላይ አድርጊና ጠዋት የደረቁት ቶርቲያዎች ይግቡ፤ በዚያው ቅጽበት ስጋው መጥበሻ ላይ ይውጣ። ስጋው ሳይማሰል በሚቆይባቸው 4 ደቂቃዎች ቦሎቄውን ጀምሪ። ቶርቲያዎቹን የምትገለብጪው ስጋው ውሃ ሲያወጣ አካባቢ ነው። ጎመኑንና ቺዙን ለትልቁ ልጅሽ ስጪው።

ጊዜ ጭራሽ በሌለበት ቀን የተዘጋጀ ቶስታዳ በፓኬት ግዢ። ነውር የለበትም፤ ሜክሲኮም ውስጥ ብዙ ቤት ይገዛዋል። ቻራስ የሚባለውን ብዙ ቦታ ታገኚዋለሽ። ከፓኬቱ አውጥተሽ እንዲሁ አታቅርቢው እንጂ። 180 ዲግሪ (350 ፋራናይት) ኦቨን ውስጥ 4 ደቂቃ ሲሞቅ የሳበችው እርጥበት ትወጣለች፣ በቆሎው መሽተት ይጀምራል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን አታስገቢው።

ገበታ ላይ አንቺ አትደርድሪላቸው። ቶስታዳው በአንድ ሳህን፣ ስጋውና ቦሎቄው በየመጥበሻቸው፣ ሌላው በየጎድጓዳው ይቅረብ። እያንዳንዱ የራሱን ይሥራ፣ አንድ አንድ እየሠራም ይብላ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቦሎቄው ከዳር ዳር፣ አንድ ጣት ብቻ ቀርቶት ይቀባ። ከዚያ ስጋው፣ በማንኪያ ከመጥበሻው ጎን ተጠልሎ። ከዚያ ጎመኑ፣ ክሬሙ፣ አቮካዶው፣ ቺዙ። ሳልሳው የመጨረሻ ነው፤ ከጎመኑ ላይ እንጂ ከሥሩ አይሁን። ከፍ አድርጎ መቆለል አያስፈልግም፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስጋ ለአንድ ቶስታዳ በቂ ነው። ልጆች ብዙ መጫን ይወዳሉ፣ ከዚያ መሃል ላይ ይሰበርባቸዋል።

የባለቤትሽን ድርሻ ደግሞ ለይተሽ አስቀምጪ። ቶስታዳዎቹ እዚያው በሩ በተከፈተው ኦቨን ውስጥ፣ ያለ ፎይል፣ ያለ ክዳን ይቆዩ። ስጋው መጥበሻው ላይ ይቆይ፣ ሲመጣ ይሙቅ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚዘገይ ከሆነ ግን ፍሪጅ ይግባ። የተረፈ ቶስታዳ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቆያል፤ ትንሽ ሙቀት እያለው ከከደንሽበት ግን ጠዋት ለስልሶ ነው የምታገኚው።